ብልጭታ የሚመርጣት አረፋ

መምህር አስረስ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። በአካባቢው ስልክ የማይሠራበት ሰሞን ስለነበር ወሬው በሰው እግር ተጉዞ ነው የደረሰኝ። ያደረሰኝ የቡሬው ላም አዳቃይ ጌታነህ ነው፤ ለሥራ ባሕር ዳር መጥቶ ደወለልኝ።

"መምህር አርፈዋል" አለኝ። "ታመው ነው፤ ብዙም አልተሰቃዩ። አንተን ጠይቀው ነበር ልልህ ፈልጌ ነበር። ግን አልጠየቁም። ያልሆነውን ሆነ ብዬ ብነግርህ ከመቃብር ይታዘቡኛል።"

ይህን የሰማ ሰው መምህር አስረስን ግማሽ ያህል ያውቃቸዋል። ሌላውን ግማሽ ልጻፈው።

ከመምህር ጋር ስንተዋወቅ የፍኖተ ሰላምና የዙሪያው የጋዜጣ ዘጋቢ ነበርኩ። አንድ ሰሞን ከተማው ውስጥ "በኮሌጁ አንድ መምህር ያለ እሳት ውኃ ያፈላል" የሚል ወሬ ተነዛ። አንዱ አስማት ነው ይላል፤ ሌላው የቤንዚን ምትክ ተገኘ ይላል። የኔ ሥራ ሄዶ ማየት ነበር፤ ሄድኩ።

ክፍሏ በኮሌጁ ጓሮ ያለች፣ ቀድሞ የአናጺ ዕቃ ይቀመጥባት የነበረች ጠባብ ቤት ናት። አንድ ረጅም ቀጭን ሰው፣ ኪሱ የተቀደደ ነጭ ካፖርት ለብሰው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው የመስታወት ፔርሙዝ ቆሟል። ውስጡ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነገር ይንተከተካል፤ ከአፉ የሚወጣው ነጭ ጉም ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ይወርዳል። እሳት የለም።

"ውኃ አይደለም" አሉኝ ሳልጠይቃቸው። "አብዛኛው የምትተነፍሰው አየር ይህ ነው፤ ናይትሮጅን ይባላል። እጅግ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሆናል።"

"ከቀዘቀዘ ታዲያ ለምን ይፈላል?"

"ለእሱ ይቺ ክፍል ምድጃ ናት።"

ፈሳሹ ውስጥ ሁለት የናስ ኳሶች በጠባብ ክፍተት ፊት ለፊት ቆመዋል። ከአሮጌ አልጋ ራስጌ የተነቀሉ ናቸው። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው በመኪና ኮይል ከሠሩት መሣሪያ ነው። ቀስ እያሉ ጉልበቱን ጨመሩ፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከኳሶቹ ሥር የተዘረጋችውን ቀጭን ሽቦ ጥቂት አሞቋት። ከሽቦዋ ላይ እንደ ጨሌ የተሰካኩ አረፋዎች ተያይዘው ወጡ። ወዲያው ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ በኳሶቹ መካከል ሰማያዊ ብልጭታ አለፈ።

"አየህ፣ ፈሳሹ ግድግዳ ነው" አሉ። "ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አረፋ ግን ግድግዳው ውስጥ ያለ ቀዳዳ ነው፤ እንፋሎት እንጂ ፈሳሽ የለበትም። ብልጭታ ሰነፍ ነው፤ ጠንካራውን ትቶ ቀዳዳውን ይመርጣል። እሱን ከያዘ በኋላ ቀሪውን መብሳት አያቅተውም።"

በሌላው ዓለም ኃይል የማያባክኑ ገመዶች እየተሠሩ መሆናቸውን፣ እነዚያም የሚሠሩት በእንዲህ ያለ ፈሳሽ ሲቀዘቅዙ ብቻ መሆኑን አስረዱኝ። ፈሳሹ ማቀዝቀዣም ነው፣ ኤሌክትሪኩን የሚያግድ መከለያም ነው። ገመዱ አንድ ቦታ ላይ ከሞቀ አረፋ ይወጣል፤ አረፋ ከወጣ መከለያው ይደክማል። የእሳቸው ጥያቄ ምን ያህል ይደክማል የሚል ነበር።

"ለፍኖተ ሰላም ምን ይጠቅማል?" አልኩ።

"ዛሬ ምንም" አሉ።

እንዳሉት ጻፍኩት። አዘጋጁ ያቺን መልስ ቆርጦ ጣላት። መምህር ጋዜጣውን አንብበው ሲያበቁ "እርግጠኛ ሆኜ የተናገርኳትን አንዲት ነገር አወጣችኋት" አሉኝ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ በክፍሏ በኩል ማለፍ ልማዴ ሆነ።

ይህ ሥራ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለሚማሩት ሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ነበር። ትምህርቱን የጀመሩት ጸጉራቸው ከሸበተ በኋላ ነው። የኮሌጁ ኃላፊ፣ ዲግሪውን በዚህ ሥራ ከያዙ ክፍሏ ቤተ ሙከራ ሆና ትጸናለች፣ ካልያዙ ወደ ዕቃ ቤትነቷ ትመለሳለች ብለው ነግረዋቸዋል። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግቢው ስለጠበበ ነው። መምህር ስለ ዲግሪው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ክፍሏ ግን ያወራሉ። ከሽንዲ ገጠር ሲማሩ ኤሌክትሪክን በሰሌዳ ላይ እንጂ በዓይናቸው ሳያዩ ነው የጨረሱት። "አንድ ልጅ በዓይኑ አይቶ ይውጣ፤ ሌላ አልልም" ይሉ ነበር።

ናይትሮጅኑን የሚያመጣላቸው ጌታነህ ነው። ጌታነህ የኮርማ ዘር በዚሁ ናይትሮጅን በሚቀዘቅዝ ዕቃ ይዞ በሞተር ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ ላም የሚያዳቅል ባለሙያ ነው። ከዙሩ ሲተርፈው ለመምህር ይቀዳላቸዋል። ይህን ገበሬው ሁሉ ያውቃል፤ ቀልዱም በዚያው ልክ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ቡሬ ላይ አብረን ስንሄድ አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ በሩቁ አዩአቸውና "መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ከኮርማው ጋር ተስማምታችሁ ትኖራላችሁ?" አሏቸው።

"ደኅና ነን። እሱም ደኅና ነው።"

"የኔዋ ላም ግን ጠብቃ ጠብቃ አለፈባት። ጌታነህ አለቀብኝ አለ። ማን ጨረሰው ብል ወደ እናንተ ጠቆሙኝ።"

በዙሪያው የነበረው ሰው ሳቀ። ገበሬውም ሳቁ። መምህር ግን አልሳቁም። "የትኛዋ ላም ናት?" ብለው ጠየቁ፤ ስለ ላሟ ሁሉን አጣርተው ሰሙ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ላሞች ዙር ሳያልቅ አንዲት ጠብታ ተቀብለው አያውቁም። ጌታነህ "ለቀልድ ያሉትን ነው የያዙት፤ የዚያች ላም ጥፋት የባለቤቷ መዘግየት ነው" ቢላቸውም አልሰሙትም። "ቀልድ ውስጥ የተቀመጠ ክስ ክስ ነው" አሉት። በዚህ ምክንያት ሥራው ብዙ ጊዜ ይቆምባቸው ነበር።

ትዕግሥታቸው የተለየ ነው። ፈሳሹ ሲቀዳ ከዕቃው ሙቀት የተነሣ እንደ ጎርፍ ይንፈቀፈቃል። እስኪሰክን ድረስ ምንም አይነኩም፤ በርጩማቸው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ተማሪዎች "ቲቸር፣ ፈላ እኮ!" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። "ይውጣለት" ይላሉ። የሰው ነገርም ሲመጣባቸው እንዲሁ ናቸው። አንድ ሰው እየተንቀጠቀጠ የጎረቤቱን በደል ሊነግራቸው ሲገባ ወንበር ይሰጡታል፣ ውኃ ይሰጡታል፣ ዝም ይላሉ። ሲሰክን "አሁን ንገረኝ፤ ያየኸውን ነው ወይስ የተባልከውን?" ይሉታል። ይህቺን ጥያቄ ሥራዬ ላይ ብዙ ጊዜ ተውሻታለሁ።

ፔርሙዙ ክዳን ያስቸግራል። አፉ ከታተመ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ዕቃውን ያፈነዳዋል። ክፍቱን ከተተወ የአየሩ እርጥበት ገብቶ በረዶ ይሆናል። የሚተነፍስ ክዳን ነው የሚፈለገው። ይህን አንድ ማለዳ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ጥሩሰው ነገሯቸው። ወይዘሮ ጥሩሰው በፍኖተ ሰላም በፈትላቸው የታወቁ ናቸው፤ ሸማኔዎች ተራ ይዘው ይጠብቋቸዋል። ፔርሙዙ ክዳን ሳይኖረው ሲመላለስ ማየቱ ቀድሞም አላስደሰታቸውም ነበር። በእኛ አገር አፉ የተከፈተ ዕቃ ከቤት ከወጣ የሚታማው ተሸካሚው አይደለም፣ ባለቤቲቱ ናት። ስለዚህ ከባዘቶ ጥጣቸው ምርጡን ጠቅልለው፣ ለፔርሙዙ አፍ ልክ የሆነ ነጭ ውታፍ ሠሩላቸው። ይተነፍሳል፤ ያምራልም። መምህር ለሚመጣ ለሚሄደው ያሳዩት ነበር።

ችግሩ ልኬቱ ላይ መጣ። ብልጭታው መጻሕፍቱ ከሚሉት ይልቅ በትንሽ ጉልበት ያልፋል። ሽቦውን ቀየሩ፣ ኳሶቹን ወለወሉ፣ መለኪያውን ከዩኒቨርሲቲው ካለው ጋር አመሳከሩ። ያው ነው። ብዙ ካሰቡ በኋላ አንድ ቀን "መጻሕፍቱ የተጻፉት ባሕር ዳርቻ ነው" አሉኝ። "እኛ ከፍታ ላይ ነን። አየሩ ሳስቷል፤ ፈሳሹን የሚጫነው ያንሳል። ስለዚህ አረፋው ይሰፋል፣ ውስጡም ይሳሳል። ብልጭታው ቢደፍረን ምን ይገርማል?"

እውነት ከሆነ ደግሞ ከፍ ባለ ቦታ ይብሳል ማለት ነው። ይህን ለማየት ወደ ግሽ ዓባይ ሄድን። መምህር፣ ጌታነህና እኔ በአንድ አይሱዙ ላይ ነበርን፤ መምህር ፔርሙዙን በጉልበታቸው መካከል እንደ ሕፃን ይዘውታል። መንገዱ ያንገጫግጫል። "ውታፉ ባይኖር ይሄኔ ግማሹ ፈስሷል" አሉ። "ጥሩሰው ትመስገን።"

ከአንድ ሰው በረንዳ ላይ በመኪና ባትሪ ሥራው ተጀመረ። ጠበል ሊጠመቁ የመጡ ሰዎች ከበቡን። አንድ አረጋዊ ቄስ ቀረብ ብለው ሲያዩ ቆዩና "ይህ የሚፈላው ነገር መቼ ይበስላል?" አሉ። ሰው ሳቀ።

መምህር ግን "አባ፣ እዚህ ባቄላ ለመብሰል ይቆያል?" ብለው መልሰው ጠየቁ።

"ይቆያል እንጂ። ከቆላ የመጣ እንግዳ ሁሉ እንጨታችሁ አይነድም ይለናል። ድስቱ ግን ሲፈላ ይውላል።"

"የከፍታው ነገር ነው አባ። አየሩ ስለሳሳ ቶሎ ይፈላል፤ ሙቀቱ ግን አይደርስም።"

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያ መፍላትና መብሰል ለየቅል ናቸው" አሉ።

መምህር ከልባቸው ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ልኬቱም እንደ ተነበዩት ወጣ። እንዲያውም ከተነበዩት በላይ፤ ብልጭታው በጣም ትንሽ በሆነ ጉልበት ያልፋል። ስንመለስ ጌታነህ መንገዱን ሙሉ ዘፈነ። ክፍሏ ጸናች ብለን ነበር።

የመመረቂያው ፈተና ቀን ተቆርጦ ሳለ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሏ ገባሁ። ጌታነህም ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ በኩል ጋደም ብላ ገብታ ፔርሙዙን በጎን ታበራዋለች። መምህር አጎንብሰው ያያሉ። "ና እይ" አሉኝ።

አየሁ። ጉልበቱን ሲጨምሩ ከፈሳሹ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ ነጭ ጭረት ተነሣ፤ እንደ ድልድይ ከአንዱ ኳስ ወደ ሌላው ተዘረጋ። መሐሉ ላይ አንዲት አረፋ እንደ ጤዛ ተንጠልጥላለች። ብልጭታው በዚያችው በኩል አለፈ።

መሣሪያውን አጠፉ። ውታፉን ከፔርሙዙ አፍ አንሥተው በብርሃኑ ላይ ያዙት። የጥጥ ብናኝ በፀሐይዋ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወርድ ሁላችንም አየን። የግሽ ዓባይ መንገድ ስንቱን እንዳራገፈው ለማሰብ ብዙ አላስፈለገንም።

"የአየሩ መሳሳት አይደለም" አሉ። "ቢያንስ ሁሉም አይደለም። ለብልጭታው ድልድይ የሠራለት ጥጡ ነው።"

ጌታነህ ፈጥኖ ተናገረ። "መምህር፣ ውታፉን መጣልና ዝም ማለት ነው። ፈተናው ደርሷል። ከሦስታችን በቀር ማን አየ?"

"ብልጭታው አይቷል።"

"ክፍሏን ይወስዱብዎታል እኮ።"

"ይወስዷታል" አሉ። ውታፉን ኪሳቸው ከተቱት፤ ባልተቀደደው በኩል። በር ላይ ስንደርስ ቆሙ። "አንድ ነገር ልለምናችሁ። ይህ የጥጥ ነገር ቤቴ እንዳይደርስ።" ሁለታችንም ቃል ገባንላቸው።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በተደረገው ፈተና ላይ ነበርኩ፤ ለዘገባ ብዬ ነው የገባሁት። መምህር ገና ሲጀምሩ የግሽ ዓባዩ ልኬት የተበላሸ መሆኑን፣ ፈሳሹ ውስጥ የጥጥ ጭረት መገኘቱን ተናገሩ። አንደኛው ፈታኝ ለስላሳ ሰው ነበሩ።

"ጭረቱ ከየት መጣ?" አሏቸው።

"ከእኔ አያያዝ።"

"አያያዝ ሲሉ?"

"የሚተነፍስ ክዳን ፈልጌ ነበር፤ የሚያራግፍ መሆን አለመሆኑን አልጠየቅሁም። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።"

ሌላ ጥያቄ አልመጣም። ሥራውን ደግመው እንዲመጡ ተባሉ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። ኮሌጁ ግን ቃሉን ጠበቀ፤ ስመለስ ክፍሏ የተሰበሩ ወንበሮችና የኖራ ከረጢት ተቆልሎባት አገኘኋት።

መምህር መሣሪያቸውን ወደ ቤታቸው ወሰዱ። ወይዘሮ ጥሩሰው የሚፈትሉበት፣ መስኮት ያለው ክፍል ነበር፤ እንዝርታቸውንና ደጋናቸውን ሰብስበው ወደ ሌላው ቤት ዞሩላቸው። ክፍሉ በእጃቸው ተጠርጎ፣ ግድግዳው ሳይቀር በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የባለሙያ ሴት ጽዳት ነው ብዬ አለፍኩት። ፔርሙዙ አንድ አናጺ ከዋንዛ የሠራው፣ ጎኑ ላይ መተንፈሻ ቦይ ያለው ክዳን ተደረገለት።

ላሞቹን እየጠበቁ ሥራው ረዥም ጊዜ ወሰደ። ግሽ ዓባይም ተመልሰን ሄድን፤ ቄሱ ግን አልነበሩም። በመጨረሻ አንድ ምሽት ቤታቸው ስገባ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"እንዴት ሆነ?" አልኩ።

"የከፍታው ነገር ትንሽ ነው" አሉ። የዋንዛውን ክዳን እየገጠሙ ደገሙልኝ። "ትንሽ ነው፤ ግን አለ።"

በዚያ ዲግሪውን ያዙ። ክፍሏ አልተመለሰችም። ልጆቹን ወደ ቤታቸው በተራ እየጠሩ ብልጭታውን ያሳዩ ነበር፤ እስከ ሕመማቸው ድረስ።

ለቅሶ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ፈርሶ ነበር። ወይዘሮ ጥሩሰውን ጥቁር ለብሰው፣ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ አገኘኋቸው። ፔርሙዙ መደርደሪያው ላይ አለ፤ የዋንዛው ክዳን በቦታው ነው። እግዚአብሔር ያጽናዎት ብዬ ተቀመጥኩ። እንደ ባሏ ዝም የምትል ሴት ናት ይሉ ነበር ሰዎች፤ እውነት ነው።

ቆይተው "ትጽፍለታለህ ይሉኛል" አሉ።

"ከፈቀዱ እጽፋለሁ፣ እትዬ።"

"ስለ ክፍሏስ ትጽፋለህ? ለምን እንደ ወሰዱበት?"

ቃል የገባሁላቸው ሰው ሞተዋል፤ ቃሉ ግን አልሞተም።

እሳቸው አየት አደረጉኝ። "ጥጤን ከዚህ ክፍል ለምን ያወጣሁ ይመስልሃል?" አሉ።

ዓይኔን ወደ ፔርሙዙ መለስኩ።

"አንድ ማለዳ ውታፌን እዚህ መስኮት ላይ ይዞ በብርሃን ሲያየው አየሁት። በጣቱ መታ ያደርገዋል፣ ብናኙን ያያል፤ መልሶ መታ ያደርገዋል። እኔ ጥጥ አላውቅም? ነገሩ ገባኝ። ገብቼ 'ምን ሆነ?' አልኩት። 'ጥሩ ጥጥ ነው' አለኝ።"

"እውነታቸውን ነው" አልኩ።

"እውነቱን ነው። ጥሩ ጥጥ ነበር።" ነጠላቸውን ሰበሰብ አደረጉ። "ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩት። እሱ ደግሞ እኔ እንዳላውቅ ጠበቀኝ። እንዲሁ ስንጠባበቅ አለፈ። ፈታኞቹ ከየት መጣ ብለው አልጠየቁትም?"

"ጠይቀዋል።"

"ምን አለ?"

"ከእኔ አያያዝ ነው አሉ።"

ወይዘሮ ጥሩሰው መስኮቱን ሲያዩ ቆዩ። ውጭ የጌታነህ ሞተር መጥታ ቆመች፤ ዙሩን ጨርሶ እሳቸውን ሊያጽናና የመጣ ነው።

"ጻፈው" አሉኝ በመጨረሻ። "የደበቀው ከእኔ ነው እንጂ ከሰው አልደበቀም። ግን ከእኔ አያያዝ ያላትን እንደዚያው አትተዋት። እሱ ቢኖር ያልተሟላ ነገር አይወድም። ጥጡ የጥሩሰው ነበር ብለህ ጻፍ።"

ጥጡ የወይዘሮ ጥሩሰው ነበር።